ዜናው አለፈ፣ ዘፈኑ ቀረ

የጋዜጣ ዕድሜ አንድ ቀን ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ጠዋት ይነበባል፣ ማታ ባለሱቁ በርበሬ ይጠቀልልበታል። ያንኑ ዜና ያነበበ ዘፋኝ ጊታሩን አንስቶ ካዜመው ግን ወሬው ሃምሳና ሰባ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይሄ ለምን ይሆናል? እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያልን ስንጽፍ የሚያመልጠን ነገር ይኖር ይሆን? በዚህ ጽሑፍ ከጋዜጣና ከመጽሔት ገጽ የተወለዱ ሦስት የሰሜን አሜሪካ የፎክና የሮክ ዘፈኖችን ታሪክ እያነሳሁ ጥያቄውን ለመመለስ እሞክራለሁ።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። እኛ አገር አዝማሪው በማሲንቆው ዘፋኝም ወሬ ነጋሪም ነበር። እንግሊዝ አገርም ቢሆን ስለ ግድያ፣ ስለ ስቅላትና ስለ መርከብ መስጠም የተገጠመ ግጥም በአንድ ገጽ ታትሞ በየመንገዱ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ ፎክ ዘፋኞች የወረሱት ይህንን ልማድ ነው።

ስማቸው ያልተጠራው 28 ሰዎች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሊንጋ ከተማ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 32 ሰዎች ሞቱ። ከነዚህ ውስጥ 28ቱ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። አንዳንዶቹ የሥራ ውላቸው ያለቀ፣ ሌሎቹ ያለ ፈቃድ የገቡ ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰራጨው ዜና ላይ የአውሮፕላኑ ሠራተኞችና የኢሚግሬሽን ጠባቂው በስም ተጠሩ። የቀሩት 28 ሰዎች ግን በጅምላ «ተመላሾች» ተብለው ታለፉ። የተቀበሩትም ፍሬዝኖ ከተማ በአንድ የጋራ መቃብር ነው፤ በላዩ ላይ ቁጥራቸው እንጂ ስማቸው አልተጻፈም።

ዉዲ ገትሪ በወቅቱ ኒውዮርክ ነበር። ዜናው አናደደውና ግጥም ጻፈ። ትክክለኛ ስማቸውን ስለማያውቅ የተለመዱ የስፓኝ ስሞች ሰጣቸውና ሰው አደረጋቸው። ግጥሙ ዜማ ያገኘው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ማርቲን ሆፍማን በተባለ ወጣት ነው። ፒት ሲገር እየዘፈነ አሰራጨው፣ ከዚያም ጆን ባኤዝ፣ ዘ በርድስና ብሩስ ስፕሪንግስቲን ተቀባበሉት። ዘፈኑ «ዲፖርቲ» በሚል ስም ይታወቃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። ቲም ኸርናንዴዝ የተባለ ደራሲ የሟቾቹን እውነተኛ ስም ፍለጋ ተነሣ። መዝገብ አገላበጠ፣ ቤተሰብ አፈላለገ። እ.ኤ.አ. በ2013 በመቃብራቸው ላይ የ28ቱም ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆመ። እስቲ አስቡት! ከአደጋው 65 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘፈኑ «እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይዘጋ አቆየው፤ መልሱን ያገኘው ግን እንደ ሪፖርተር እግሩ እስኪዝል የፈለገ ሰው ነው።

የተማሪው ፎቶና የ17 ቀኑ ዘፈን

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1970 ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጦርነቱ ወደ ካምቦዲያ መስፋፋቱን በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱ። በ13 ሰከንድ ውስጥ 67 ጥይት ተተኩሶ አራት ተማሪዎች ሞቱ፣ ዘጠኝ ቆሰሉ። ከሟቾቹ ሁለቱ በሰልፉ ላይ አልነበሩም፣ በዚያ የሚያልፉ ነበሩ። በአንዱ ሟች አስከሬን ላይ ተንበርክካ የምትጮህን ልጅ ፎቶ ያነሳው ጆን ፋይሎ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት።

ኒል ያንግ የግድያውን ፎቶዎች «ላይፍ» መጽሔት ላይ አይቶ «ኦሃዮ»ን ጻፈ። ክሮስቢ፣ ስቲልስ፣ ናሽና ያንግ ዘፈኑን ስቱዲዮ ገብተው የቀረጹት በሜይ 21 ነው። ከተኩሱ እስከ ቀረጻው 17 ቀን ብቻ! ግጥሙ አጭር ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን በስሙ ይጠራል፣ የሟቾቹን ቁጥር ደጋግሞ ይናገራል። አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች አናጫውትም ቢሉም ዘፈኑ መሰማቱ አልቀረም። ፎቶው ባይነሳ ዘፈኑ እንዲህ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። ዘፋኙ ሥራውን የጀመረው ተማሪው ጋዜጠኛ ካቆመበት ነው።

እርማት ያወጣው ዘፋኝ

ሦስተኛው የመርከብ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1975 «ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ» የተባለችው 222 ሜትር ርዝመት ያላት የብረት ማዕድን ጫኝ መርከብ በሱፒርየር ሐይቅ ማዕበል ሰጠመች፤ 29 ሠራተኞቿ በሙሉ ሞቱ። ካናዳዊው ጎርደን ላይትፉት ወሬውን «ኒውስዊክ» መጽሔት ላይ አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1976 ዘፈን አወጣበት። ዘፈኑ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይረዝማል፣ አዝማች የለውም፣ አንድ ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመላለሳል። «ሰው እንዲህ ያለ ዘፈን አይሰማም» ሊባል ይችል ነበር፤ ግን በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ በኋላ የሆነው ነው። ዘፈኑ ውስጥ የጭነት ክፍሉ መዝጊያ ተሰብሮ ውኃ እንደገባ የሚጠቁም ስንኝ ነበር። ይሄ ደግሞ መዝጊያውን በደንብ አልዘጉም ተብለው የተወቀሱትን ሠራተኞች ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ዘጋቢ ፊልም ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም የሚል መረጃ ሲያቀርብ ላይትፉት በመድረክ ሲዘፍን ያንን ስንኝ ቀየረው። ከ34 ዓመት በኋላ እርማት አወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እሱ ሲሞት በዲትሮይት የሚገኘው የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን ደወሉን 30 ጊዜ ደወለ፦ 29ኙ ለሟቾቹ፣ አንዱ ለእርሱ።

ታዲያ ለምን ቆዩ?

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዜማቸው ቀላል ነው፤ አንድ ጊታርና ጥቂት ኮርድ ያለው ሁሉ ሊዘፍናቸው ስለሚችል ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ ላይ ስለደረሰ አንድ ነገር ይናገራሉ እንጂ ስለ ሐዘን በአጠቃላይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዜናው «ስንት ሰው?» ብሎ ሲያቆም እነሱ «ማን?» ብለው ይቀጥላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ዜና ዘፈን ይሁን እያልኩ አይደለም። ገትሪ ስም መፍጠር ይችላል፤ እኛ አንችልም፣ አይፈቀድልንም። የእኛ ሥራ እውነተኛውን ስም መፈለግ ነው። ይሄ ደግሞ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በጅቡቲና በየመን መካከል ጀልባ ሲሰምጥ፣ ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች የኛው አገር ልጆች ሆነው ሳለ፣ ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ይነግረንና ወደ ስፖርት ያልፋል። ያ ቁጥር እኮ እናት አለው፣ ሰፈር አለው። ቢያንስ የአንዱን ስም ጠይቆ፣ ቤተሰቡን አነጋግሮ የጻፈ ሪፖርተር ሌላው ሰው ከ65 ዓመት በኋላ የሚሠራውን ሥራ ዛሬ ሠራ ማለት ነው።

ለሚቀጥለው የዜና አጻጻፍ ልምምዳችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ የአደጋ ዜና ስንጽፍ «ማን» የሚለውን በቁጥር አንመልሰው። ስሙ ካልተገኘም ለምን እንዳልተገኘ እዚያው እንጻፍ። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን ይዞ ይምጣ፤ በደስታ አነባለሁ።