«ከእሱ እንዳትቀበይ!»

ምሳው አልቆ ሒሳብ መጥቷል። ሁለት ጓደኛሞች እኩል ብድግ ይላሉ። አንዱ ብሩን በአስተናጋጇ የሽርጥ ኪስ ሊከት ይታገላል፤ ሌላው ክንዷን ይዞ «ከእሱ እንዳትቀበይ! ከተቀበልሽ ተጣላን!» ይላል። ለእነሱ ጨዋታ ነው። እሷስ? የአንዱን ብትወስድ ሌላው ያኮርፋል፤ ቆማ ብትጠብቅ ከወዲያ ማዶ «ኧረ ውሃ ካዘዝን ቆየን!» የሚል ይመጣባታል።

ወዳጄ፣ መጋበዝ ካማረህ መላው ቀላል ነው። እጅህን ልትታጠብ ስትነሳ ካሸሯ ጋ ጎራ በልና ሒሳቡን ዝጋ። ጓደኛህ መሸነፉን ሲያውቅ ይስቃል፤ አስተናጋጇም ከግብግቡ ትተርፋለች። ጥሩ ሰው መሆን የምትጀምርበትን ሰኞ አትጠብቅ፤ ዛሬ ማኪያቶ የምትጠጣበት ቤት ይበቃሃል!

ረቡዕ ቀን የጾም ሽሮ አዘህ ቅቤ ቅቤ ሸተተህ እንበል። የሠራችው እሷ አይደለችም። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እህቴ፣ ይኼ የፍስክ ሳይሆን አይቀርም፤ ታስቀይሪልኛለሽ?» ብትላት ቤቱ ሁሉ ዞሮ ሳያያት ሽሮው ይቀየራል። በአንዳንድ ቤት የተመለሰ ምግብና የተሰበረ ብርጭቆ ከአስተናጋጅ ደመወዝ ይቆረጣል፤ ጩኸትህ እዚያ ላይ ሲጨመር አስበው። ማጨብጨቡንም ተወው፤ «እህቴ»፣ «ወንድሜ» እያለ አገር ሙሉ ይግባባል።

የጉርሻው ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነው። ድሮ ጉርሻ ሐሳብ አይጠይቅም ነበር፤ መልሱ በሳህን ይመጣል፣ ዝርዝሩን ትተን እንነሳለን። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ሒሳቡ 385 ብር ከሆነ ልክ 385 ብር ትልካለህ። መልስ የለም፤ ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል። ማንም ንፉግ ሆኖ አይደለም፣ ልማዱ መንገድ ስቶ ነው። ጨምረህ ብትልክም የሚገባው ወደ ቤቱ ሒሳብ ነው፤ እሷ እጅ መድረሱን በምን ታውቃለህ? «ስልክሽን ስጪኝና ላንቺ ልላክልሽ» የሚለውን መፍትሔ ደግሞ አልመክርህም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው! ይልቅ ነገ ጠዋት ከቤት ስትወጣ መቶ ብር ዘርዝረህ ኪስህ ክተት።