ሰማዩ ሳይጠቁር ስልክን ማዘጋጀት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት፣ ፈረንጆች ገናን ባከበሩ ማግስት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የቴክሳስ ከተማ ጋርላንድ በቶርኔዶ ተመታች። ብርዱ የገባበት ወር ስለነበር ብዙ ሰው ቶርኔዶ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ከተማ ራውሌት ተሻግሮ ቤቶችን አፈራረሰ፤ ከ0 እስከ 5 በሚቆጠረው የቶርኔዶ መለኪያም ደረጃ 4 ተሰጠው። ከሞቱት 10 ሰዎች አብዛኞቹ ሕይወታቸውን ያጡት ኢንተርስቴት 30 እና የጆርጅ ቡሽ የክፍያ መንገድ በሚገናኙበት አካባቢ፣ መኪና ውስጥ እንዳሉ ነው።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ ለመሸሸግ የሚቀረው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት አፕ ማውረድ፣ የይለፍ ቃል ማስታወስ፣ "የምንኖረው የትኛው ካውንቲ ውስጥ ነው?" ብሎ መጠያየቅ አይቻልም። የአየር ጠባይ መከታተያ ሶፍትዌር የሚጠቅመው ዝግጅቱን ፀሐይ በወጣበት ቀን የጨረሰ ቤተሰብን ነው።

መጀመሪያ የካውንቲው ስም

አሜሪካ የገባ ሰው የከተማውን ስምና የዚፕ ኮዱን ቶሎ ይለምዳል። የካውንቲው ስም ግን ፍርድ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ትዝ አይለውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ በቅድሚያ የሚጠራው ካውንቲዎችን ነው፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም የሚደግሙት እነዚህኑ ስሞች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው "ሞንትጎመሪ" ሲባል መንቃት አለበት። ጋርላንድ ላይ የሚጠራው ዳላስ ካውንቲ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ነገሩ ትንሽ ይጠላለፋል። አሌክሳንድሪያ ከካውንቲ ውጭ የሆነች ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ ይሁንና በፖስታ አድራሻቸው "አሌክሳንድሪያ" የሚል የሰፈረባቸው ብዙ ሰዎች የሚኖሩት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቤቱን፣ የሥራ ቦታውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ካውንቲ አጣርቶ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ይገባል። በአካባቢው መንግሥት የመልእክት አገልግሎት መመዝገብም ያኔ ይቀላል፤ ዋሽንግተን "አለርት ዲሲ"፣ ሞንትጎመሪ "አለርት ሞንትጎመሪ"፣ ፌርፋክስ ደግሞ "ፌርፋክስ አለርትስ" የሚባሉ ነጻ አገልግሎቶች አሏቸው።

በራሱ የሚመጣውና የማይመጣው ጩኸት

ከ2012 ጀምሮ የአሜሪካ ስልኮች ያለ ምዝገባና ያለ ኢንተርኔት የአደጋ ጊዜ መልእክት ይቀበላሉ። መልእክቱ የሚሰራጨው ከስልክ ማማዎች በመሆኑ አደጋው ባለበት ክልል ያለ፣ አገልግሎቱን የሚቀበል ስልክ ሁሉ ይጮኻል። ጽሑፉ በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሚመጣ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት ቤት ካሉ የጩኸቱን ድምፅ አስቀድሞ አሰምቶ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰዓቱንም እንደዚያው። መልእክቱ "እስከ 7:15 ፒ.ኤም." ካለ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ለሚቆጥሩ ወላጆች ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። በጭንቅ ሰዓት ስድስት ሰዓት የሚያህል ስሕተት መፈጠር የለበትም።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ ይህ ጩኸት ለሁሉም ወጀብ አይመጣም። የነጎድጓድ ወጀብ "ከባድ" የሚባለው ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል ወይም በረዶው 1 ኢንች ሲደርስ ነው። ከኦገስት 2021 ወዲህ ግን ስልክን በራሱ የሚያስጮኸው ነፋሱ 80 ማይል ወይም በረዶው 2.75 ኢንች፣ ማለትም የቤዝቦል ኳስ የሚያህል፣ ሲሆን ነው። በመካከል ያለው ዛፍ የሚጥል፣ መስታወት የሚሰብር ነፋስ ስልኩን ሳያስጮኽ ሊያልፍ ይችላል። ክፍተቱን የሚሞላው በፈቃድ የሚወርድ አፕ ነው።

አፑ ሲወርድ ሦስት ፈቃዶችን ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ያሉበትን ቦታ የማወቅ ፈቃድ ነው፤ "ሁልጊዜ" ካልተባለ አፑ ተከፍቶ ካልሆነ በቀር ስልኩ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከከተማ ወደ ከተማ መዛወሩን አያውቅም። ሁለተኛው በአይፎን "ክሪቲካል አለርትስ" የሚባለው ነው፤ ማታ ስልካቸው ዝም እንዲል አድርገው ለሚተኙ ሰዎች ይህ ፈቃድ ዝምታውን ሰብሮ ይጮኻል። ሦስተኛው በስልኩ ማስተካከያ፣ በማሳወቂያዎች ገጽ መጨረሻ ያለው የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ቀን ጩኸቱ አስደንግጧቸው ያጠፉት ሰዎች መልሰው ማብራት አለባቸው።

ራዳሩን ማንበብ

ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ የሚነግር ተራ አፕ ለቀን ተቀን ኑሮ ይበቃል፤ ለወጀብ ግን ራዳር የሚያሳይ ያስፈልጋል። ማይራዳር በነጻ ይገኛል፤ ራዳርስኮፕ ደግሞ ይከፈልበታል፣ የሚያሳየውም ከጣቢያው የወጣውን ጥሬ መረጃ ነው። መክፈል የማይፈልግ ሰው የብሔራዊ አገልግሎቱን የራዳር ገጽ ያለ ክፍያ መክፈት ይችላል። በመላ አገሪቱ 160 ያህል የመንግሥት ራዳሮች ስላሉ ቅርብ የሆነውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ስተርሊንግ፣ ለዳላስ ፎርት ዎርዝ፣ ለአትላንታ ፒችትሪ ሲቲ ያሉት ናቸው። ከራዳሩ በራቁ ቁጥር ጨረሩ ከመሬት ከፍ እያለ ስለሚሄድ ሩቅ ጣቢያ ከታች ያለውን ነገር ይስታል።

በዝናብ ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀላል ዝናብ ነው፤ ቢጫ ይጠነክራል፤ ቀይና ሐምራዊ ኃይለኛ ዝናብ ወይም በረዶ ነው። ከቀለሙ ይበልጥ ቅርጹ ይናገራል። ወደ ፊት እንደ ደጋን የጎበጠ ረጅም መስመር ከታየ፣ የጎበጠው ክፍል በሚሄድበት አቅጣጫ ብርቱ ነፋስ አለ ማለት ነው። በነፋስ ፍጥነት ካርታው ላይ ደግሞ አረንጓዴው ወደ ራዳሩ የሚመጣ፣ ቀዩ ከራዳሩ የሚርቅ ነፋስ ነው፤ ሁለቱ ደማቅ ሆነው በጠባብ ቦታ ጎን ለጎን ከተጣበቁ ደመናው ይሽከረከራል።

ከምስሉ ጥግ ያለችውን ሰዓት ማየትም ግድ ነው። ራዳሩ አንድ ዙር ለመጨረስ ደቂቃዎች ስለሚፈጅበት የሚታየው ምስል ሁልጊዜ ትንሽ የቆየ ነው፤ በፍጥነት የሚሮጥ ወጀብ ካርታው ላይ ካለበት ቦታ ማይሎች ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ከሰዓቱ ጎን "ዜድ" የሚል ፊደል ካለ ደግሞ ሰዓቱ የግሪንዊች ነው፤ ከዋሽንግተን በበጋ በ4፣ በብርድ ወራት በ5 ሰዓት ይቀድማል። "የወደፊት ራዳር" ተብሎ የሚታየው የኮምፒውተር ግምት እንጂ የታየ ነገር አይደለም።

የእነዚህን ነገሮች ጥቅም የ2012ቱ የጁን 29 ወጀብ አሳይቷል። በዋሽንግተን ሙቀቱ 104 ዲግሪ ፋራናይት በደረሰበት በዚያ ቀን፣ ከመካከለኛው ምዕራብ የተነሣ የነፋስ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ዋና ከተማዋ አካባቢ ደረሰ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 4 ሚሊዮን ያህል ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ከሰዓት በኋላ ራዳር ከፍቶ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ደጋኑን ከሰዓታት በፊት ያየው ነበር። በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የ911 የስልክ መስመር ራሱ ተቋርጦ ሰዎች እርዳታ መጥራት ተቸገሩ። በባትሪ የሚሠራና ለካውንቲው የሚስተካከል የአየር ጠባይ ሬዲዮ ከስልኩ ጎን መኖር ያለበት ለእንዲህ ያለው ሌሊት ነው። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ የስልክ ማማም ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ምን፣ የት፣ እስከ መቼ

ስልኩ ሲጮህ ሦስት ነገሮች ይነበባሉ። "ዎች" የሚል ከሆነ ሁኔታው ተመቻችቷል፤ ስልክ ቻርጅ ይደረግ፣ መኪና ጋራዥ ይግባ፣ ልጆች ይሰብሰቡ። "ዋርኒንግ" ከሆነ አደጋው ታይቷል ወይም በራዳር ተገኝቷል፤ ያን ጊዜ መሸሸግ ብቻ ነው። ቀጥሎ ካርታው ላይ በመስመር የታጠረው ቅርጽ ይታያል፦ በብዙ አፖች ቀይ ለቶርኔዶ፣ ቢጫ ለነጎድጓድ ወጀብ፣ አረንጓዴ ለድንገተኛ ጎርፍ ነው። ቤታቸው መስመሩ ውስጥ የሆነ ሰዎች በረንዳ ወጥተው ሰማዩን ሳያጣሩ ይንቀሳቀሱ።

የአደጋውን ዓይነት ለይቶ ማንበብ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ቶርኔዶ ወደ ታች፣ ጎርፍ ወደ ላይ ይሰዳልና። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአይዳ ሀሪኬን ቅሪት በምሥራቅ ጠረፍ ሲያልፍ በሜሪላንድ ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱ። አናፖሊስን ቶርኔዶ መታ፤ ሮክቪል ውስጥ ደግሞ ምድር ቤት ያሉ አፓርታማዎች በጎርፍ ተሞልተው አንድ ወጣት ሞተ። በዚያው ምሽት በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት 3.15 ኢንች ዝናብ ወረደ፤ በከተማዋ በቤዝመንት መኖሪያዎች ውስጥ የሞቱት 11 ናቸው።

ኪራዩ ስለሚቀንስ ብዙ አዲስ ገቢዎች ኑሯቸውን የሚጀምሩት በቤዝመንት ነው። እዚያ የሚኖር ሰው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ውኃው በር ላይ እስኪታይ አይጠብቅ፤ ከውጭ የሚገፋ ውኃ በሩን እንዳይከፈት ያደርገዋል። ቶርኔዶ ሲሆን ግን ዝቅተኛው ፎቅ፣ መስኮት የሌለው መካከለኛ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት ወይም ቁም ሣጥን ይመረጣል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ ከምድር ቤት ጎረቤቱ ጋር በደህና ቀን ይነጋገር፤ "አደጋ ቢመጣ ልጆቼን ይዤ ብወርድስ?" ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።

መንገድ ላይ ላሉ

ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ከባድ መኪና ይዘው ክፍለ ግዛት የሚያቋርጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ የጋርላንዱ ሌሊት በተለይ እነሱን ይመለከታል። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በኖርማን ኦክላሆማ ያለው የወጀብ ትንበያ ማዕከል የሚያወጣውን የቀን ካርታ ማየት ይጠቅማል፤ ስጋቱ ከ1 እስከ 5 ይደረደራል፣ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መንገድ መቀየር ወይም ማዘግየት ያዋጣል። ማስጠንቀቂያ በመንገድ ላይ ከደረሰ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ጠንካራ ሕንጻ መግባት ነው። ድልድይ ሥር መጠለል ስሕተት ነው፤ በሜይ 3 ቀን 1999 በኦክላሆማ እንዲህ የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል፣ ነፋሱ በድልድይ ሥር ይበረታልና። ጎርፍ በሸፈነው መንገድ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ አብዛኞቹን አነስተኛ መኪኖች ይወስዳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ትላልቆቹንም ያንሳፍፋል።

ከአሜሪካ ውጭ ያሉም ያገራቸውን መሣሪያ ይያዙ። ጀርመን በጁላይ 2021 ጎርፍ ከ180 በላይ ሰዎች ካጣች በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2023 ከማማ የሚሰራጭ የስልክ ማስጠንቀቂያ ጀምራለች፤ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቷም "ቫርንቬተር" የሚባል አፕ አለው። በኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዓይን አካባቢ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ፣ በበረሃ አገርም ጎርፍ እንደሚደርስ በኤምሬትስ ያሉ ሁሉ አይተዋል።

መብራት ሲጠፋ

ወጀቡ ካለፈ በኋላ ያለው አደጋ ጸጥ ያለ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ ወጀብ ስትመታ የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት 246 ሞት መዝግቧል፤ በሂውስተን በካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ስለዚህ ለሙቀትም ለቡናም ብሎ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሣት፣ ጄኔሬተርን በረንዳ ላይ ማስጮህ ፈጽሞ አይገባም። በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ጠቋሚ ከራዳር አፕ እኩል መታሰብ ያለበት ዕቃ ነው።

ፓወር ባንክ፣ ባትሪ መብራት፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውኃ ለሦስት ቀን፣ መድኃኒት፣ እንዲሁም ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የሥራ ፈቃድና የዜግነት ወረቀት ውኃ በማያስገባ ከረጢት አንድ ቦታ ይቀመጡ።

ለዚህ ሁሉ የልምምድ ቀን ከተማው ራሱ ይሰጣል። ዳላስ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በሚኒሶታ ብዙ ካውንቲዎች ደግሞ በዚያው ዕለት 7 ሰዓት ላይ የአደጋ ሳይረን ይሞክራሉ። ሳይረኑ የተሠራው ደጅ ላሉ ሰዎች ነው፤ ቤት ውስጥ ለተኛ ሰው አይታመንም። ያን ቀን የሬዲዮው ባትሪ ይፈተሽ፣ አፑ ከቆየ ዝማኔው ይጫን፣ የቦታ ፈቃዱ መብራቱ ይረጋገጥ፤ ልጆችም ወላጆችም ወደ ተመረጠው ክፍል አንድ ጊዜ ሄደው ይመለሱ።