የጎንደር መተማ መንገድ፦ መስመር፣ መንገድ እና ድንበር

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በጭልጋና በገንዳ ውሃ አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰውን መንገድ በሚገባ ለመረዳት አስቀድመን ሦስት ቃላት እንለይ። መስመር የምንለው ሰው፣ ከብትና ሸቀጥ ለረጅም ዘመን የተመላለሱበትን አቅጣጫ ነው፤ እግር ያወጣዋል እንጂ ማንም አይገነባውም። መንገድ የምንለው በዚያ መስመር ላይ የተሠራውን፣ ድልድይና ቦይ ያለውን ግንባታ ነው። ድንበር ደግሞ ሁለት መንግሥታት ተስማምተው የሚያሰምሩት ወሰን ነው። ሦስቱም መተማ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ይመስሉናል፤ ዕድሜያቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። (ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንይዛለን።)

ከሁሉ የሚቀድመው መስመሩ ነው። በ1691 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ከሱዳኗ ሰናር ወደ ጎንደር የመጣው በዚሁ በምዕራቡ ቆላ በኩል ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1764 ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወጣ ይህንኑ አቅጣጫ ያዘ። ታዲያ ትልቁ ገበያ ለምን መተማ ላይ ቆመ? ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ናት። የቆላ ግመል የጭልጋን ዳገት አይወድም፤ የደጋ በቅሎና አህያም የቆላውን ሙቀትና በሽታ አይችልም። ስለዚህ ጭነት የሚራገፍበት፣ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ማር፣ ሰምና በቅሎ ይወርድ ነበር። በባርነት የተያዙ ሰዎችም በዚሁ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ ታሪኩን በትክክል የሚማር ሰው ይህን መዝለል የለበትም። ከምዕራብ የመጡት፣ ተክሩሮች የተባሉት ሰዎች እዚያው ሰፍረው ያኔ ሱዳንን ትገዛ ለነበረችው ለግብፅም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍሉ ነበር። እንግዲህ መተማ በመጀመሪያ የተፈጠረችው እንደ መሸጋገሪያ ነው፤ የአገር ጫፍ መሆኗ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ነጋዴ የሚያልፍበት መስመር ጦርም ያልፍበታል። በ1880 ደርቡሾች፣ ማለትም የሱዳን የማህዲ ተዋጊዎች፣ በዚህ በኩል ወጥተው ጎንደርን አቃጠሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በመጋቢት 1881 ወደ መተማ ወርደው ተዋጉ፣ ቆስለውም ሞቱ። ከተማዋ ዛሬ ስማቸውን ይዛለች።

ድንበሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጣ። በግንቦት 1894 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲወስን፣ በበጋ ከሚደርቅ ወንዝ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ጋላባት ቀሩ። ልዩነቱን ልብ እንበል፦ ውሉ መንግሥታትን ለየ፣ መስመሩን ግን አልቆረጠም።

አሁን ወደ ግንባታው እንለፍ። በ1933 በዚህ መስመር ላይ መኪና የሚሄድበት መንገድ ነበር፤ የጣሊያን ጦር ከመተማ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍግ ፈንጂ ቀበረበት። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ህንዳዊ መሐንዲስ መኮንን ከጥር 23 ጀምሮ ለአራት ቀናት ያህል ጣሊያንን ከሚያሳድደው የእንግሊዝ ሠራዊት ፊት ፊት እየሄደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት 15 የፈንጂ መስኮችን ጠረገ። ከተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሥር ሁለት ጊዜ ፈንጂ ፈንድቶበታል፤ የጆሮው ታምቡር ተቀዶም ሥራውን አላቆመም። ለዚህ ተግባሩ የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የሆነውን የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። የመንገድ ትርጉም እዚህ ጋ ጎልቶ ይታያል። ጠላት መስመርን ማጥፋት አይችልም፤ መንገድን ግን ሊያበላሽ ይችላል፣ ስለዚህም መንገድ ጠባቂና ጠጋኝ ይፈልጋል።

ሌላው የመንገዱ ፈተና ከሥሩ ያለው አፈር ነው። የቆላው ሜዳ ሰፊ ክፍል ዋልካ፣ ማለትም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው። ድሮ ክረምት ሲገባ ጉዞው የሚቋረጠው በዚህ ነበር። አስፋልት በራሱ ይህን ችግር አይፈታም። አስቀድሞ ዋልካው ተቆርጦ መነሣት ወይም በተመረጠ አፈርና ጠጠር ከፍ ተደርጎ መደልደል አለበት፤ ውሃውም በቦይና በቱቦ መውጣት አለበት። ስለዚህ የአንድን ቆላ መንገድ ጥራት መመዘን የሚፈልግ ሰው ከጥቁሩ ንጣፍ በፊት ዳርና ዳሩን ይመልከት፤ የተደፈነ ቦይ ካየ ጉዳቱ ከሥር ጀምሯል ማለት ነው።

በ1990ዎቹ መንገዱ አስፋልት ሲለብስ፣ በቅፍለት ዘመን አንድ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ጉዞ የግማሽ ቀን ሆነ። የሱዳን ቤንዚን በቦቴ ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመረው በዚያው ዘመን ነው፤ በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወደ ሰሊጥ እርሻው የሚደርሰውም፣ የተሰበሰበው ሰሊጥ የሚወጣውም በዚሁ አስፋልት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከሱዳን የሸሹ ሰዎች በጋላባት በኩል መተማ ገቡ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራላቸው፤ ዱቄቱም፣ ድንኳኑም፣ መድኃኒቱም ከጎንደር በኩል ይደርሳቸው የነበረው በዚህ መንገድ ነበር።