የከብት ነጂው ጤናና የነጋዴው ትርፍ፦ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ

አንድ ነጋዴ አርባ ሰንጋ ከኮኪት ወይም ከገንዳ ውኃ ገበያ ገዝቶ ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም ገላባትን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ሲያስነዳ ወጪውን አንድ በአንድ ያውቀዋል። የግዢው ዋጋ፣ የደላላው፣ የክትባቱ፣ የኳራንታይኑ፣ የመኖው፣ የውኃው፣ የቀረጡ፣ የነጂዎቹ ክፍያ ይቆጠራል። የነጂዎቹ ጤና ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የለውም። ነጂው መንገድ ላይ ትኩሳት ሲጥለው ወጪው ይመጣል፤ የሚመዘገበው ግን በሌላ ስም ነው። አንዱ «የጠፋ ከብት» ይለዋል፣ ሌላው «የከሳ ከብት»፣ ሌላው «ገበያ ያመለጠው ጉዞ»።

በትልልቅ ድርጅቶች «የሠራተኛ ጤና ፕሮግራም» የሚባል አሠራር አለ። አሠሪው ለሠራተኛው ጤና አስቀድሞ ገንዘብ ያወጣል፣ ሠራተኛው ጤናማ ሆኖ ይሠራል፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ የሚል ነው ሐሳቡ። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡ ለከብት ነጋዴው ይሠራ እንደሆነ፣ የሚሠራውስ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ይመለከታል።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2010 ሦስት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ውጤት፣ ለሠራተኛ ጤና ፕሮግራም የወጣ እያንዳንዱ 1 ዶላር የሕክምና ወጪን በ3.27 ዶላር ገደማ ይቀንሳል አሉ። ብዙ አሠሪዎችም ይህን ቁጥር ይዘው ገንዘብ አወጡ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ግን የተለየ ውጤት አመጣ። ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ባሉት አንድ የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት፣ ፕሮግራሙ የሚሰጥባቸው መደብሮች በዕጣ ተለዩ። ከ18 ወር በኋላ ሠራተኞቹ ስለ እንቅስቃሴና ክብደትን ስለ መቆጣጠር የተሻለ ልማድ እንዳላቸው ቢናገሩም፣ በደም ግፊታቸው፣ በሕክምና ወጪያቸውና ከሥራ በመቅረታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከብት የሚያደልብ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቀድሞውንም የወፈሩትን በሬዎች ለይቶ አዲስ መኖ ያበላ፣ ከዚያም ከከሱት ጋር አወዳድሮ «መኖው አወፈራቸው» ያለ ሰው ተሳስቷል። በፈቃደኝነት ወደ ጤና ፕሮግራም የሚገቡ ሠራተኞችም ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ለጤናቸው የሚጠነቀቁ ናቸው። በዕጣ ሲለዩ ይህ ማሳሳቻ ይወገዳል።

ይህ ማለት ግን ለሠራተኛ ጤና የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በናይጄሪያ በአንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በተደረገ ጥናት፣ በሥራ ቦታቸው የወባ ምርመራና ሕክምና የቀረበላቸው ሠራተኞች በቀጣዮቹ ሳምንታት ገቢያቸው በ10 በመቶ ገደማ ጨምሯል። የታመመው ታክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወባ እንደሌለበት ያወቀውም ስጋቱ ቀልሎለት ጥሩ የሚያስከፍል ሥራ ደፍሮ ያዘ።

ከሁለቱ ጥናቶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለሁሉም የሚሰጥ አጠቃላይ ምክር በአጭር ጊዜ ገንዘብ አይመልስም። ሠራተኛውን በተጨባጭ ከሥራ የሚጥለውን በሽታ ለይቶ በዚያ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ግን ይመልሳል።

በዚህ መስመር ሰው የሚጥለው ምንድን ነው?

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ያለው ቆላ የራሱ በሽታዎች አሉት።

የመጀመሪያው ካላዛር ነው። ገዳሪፍ በሱዳን ካላዛር በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች ግንባር ቀደሙ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል መተማና ሑመራ የታወቁ የበሽታው ቦታዎች ናቸው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከወባ ትንኝ በጣም ያነሰ ነፍሳት ነው። ቀን ቀን በተሰነጠቀ ጥቁር መሬት ውስጥ፣ በኩይሳና በግራር ዛፎች አካባቢ ተደብቆ ይውላል፤ ማታ ወጥቶ ይነክሳል። ቁጥሩ የሚበዛው በበጋው መጨረሻ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ከብት አሳርፎ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ የሚተኛ ነጂ ከማንም በላይ ይጋለጣል። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። ሕክምናው አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሲሠራበት የቆየው የሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት ለ17 ቀናት በመርፌ ይሰጣል።

ሁለተኛው ወባ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ሦስተኛው ሙቀትና ውኃ ነው። በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ የተለመደ ነው። ውኃ ያነሰው ነጂ ይዝላል፣ ራሱን ይስታል። ከብቱ ከሚጠጣበት ኩሬ የጠጣ ደግሞ ለተቅማጥ ይዳረጋል፤ በገዳሪፍ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የኮሌራ ወረርሽኝ ታውጆ እንደነበር አይዘነጋም። አራተኛው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። ያልፈላ ወተት በመጠጣት ወይም የጨነገፈ ጽንስ በባዶ እጅ በመንካት የሚይዘው ብሩሴሎሲስ፣ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በማረድና በመግፈፍ የሚመጣው ሕመም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የመንገዱና የድንበሩ ሁኔታ ተለዋዋጭ ሆኗል። ድንበር ላይ የሚታደር እያንዳንዱ ተጨማሪ ሌሊት ነጂው ሜዳ ላይ የሚተኛበት ተጨማሪ ሌሊት ነው።

የገዳሪፍ አጎበር

መከላከል እንደሚቻል የሚያሳየው ማስረጃ የተገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በምሥራቅ ሱዳን ካላዛር ባጠቃቸው 155 መንደሮች ውስጥ በፀረ ተባይ የተነከረና ቀዳዳው የጠበበ 357,000 አጎበር አደለ። በኋላ የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ከዕደላው ከ17 እስከ 20 ወር በኋላ ባለው ጊዜ የካላዛር ሕመምተኞች ቁጥር በ59 በመቶ ቀንሶ ነበር።

እዚህ ላይ ለነጋዴው ሁለት ነገሮች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነ የአጎበሩ ቀዳዳ መጥበብና መድኃኒት መነከሩ ልዩነት ያመጣል። ሁለተኛ፣ ሰው አጎበርን የክረምት ዕቃ አድርጎ ያየዋል፤ ትንኝ ሲጠፋ ያጥፈዋል። የአሸዋ ዝንብ የሚበዛው ግን በበጋ ነው። በሚያዝያ ወር «ትንኝ የለም» ብሎ አጎበሩን ቤት ጥሎ የሚወጣ ነጂ በክፉው ወቅት ራቁቱን ይተኛል።

ሊቦ ከምከም የሆነው

ነጂው በሽታውን መንገድ ላይ ትቶት አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ካላዛር ይገኝበታል ተብሎ በማይታሰብ ደጋማ አካባቢ፣ ወረርሽኝ መኖሩ ታወቀ። ቀደም ሲል ሰዎቹ ሲታመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። በሽታውን ወደ አካባቢው ያመጡት ወደ መተማና ሑመራ ለሥራ ሄደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ካላዛር ከተነከሱ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ የተነከሰ ነጂ በመስከረም አገሩ ገብቶ ይታመማል፤ ወቅቱ የወባ ስለሆነም ወባ ነው ይባላል። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ የከሳና ጣፊያው ያበጠ ሰው ቆላ ወርዶ እንደነበር ለሐኪሙ መናገር አለበት። ይህን አንድ ነገር ለነጂዎቹ ማስተማር ነጋዴውን ምንም አያስወጣውም፤ ሕይወት ግን ያድናል። በኢትዮጵያ በኩል የመተማ ሆስፒታልና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ማዕከል ሕክምናውን ሲሰጡ ቆይተዋል።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ዋጋ ይተካቸው።

አንድ ነጋዴ 40 ሰንጋ በ3 ነጂዎች ያስነዳል እንበል። አንዱ ሰንጋ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ የአንድ ኪሎ ዋጋ 200 ብር፣ የሰንጋው ዋጋ 60,000 ብር ነው። አንድ ነጂ ታሞ ጉዞው ሁለት ቀን ቢዘገይና እያንዳንዱ ሰንጋ 3 ኪሎ ቢቀንስ፣ የጠፋው ክብደት 120 ኪሎ ወይም 24,000 ብር ነው። የሁለት ቀን ተጨማሪ መኖ በቀን ለአንድ ሰንጋ 100 ብር ቢታሰብ 8,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 32,000 ብር ነው።

አሁን የጤናውን ወጪ እንመልከት። ሦስት አጎበር 3,000 ብር፣ የውኃ ጀሪካን፣ የእጅ ጓንትና ኦ አር ኤስ 1,500 ብር፣ ለምርመራ የሚቀመጥ ገንዘብ 3,000 ብር፤ በጠቅላላው 7,500 ብር። አጎበሩና ዕቃው 4,500 ብር የወጣባቸው ቢሆንም ለ6 ጉዞ ያገለግላሉ ቢባል ለአንድ ጉዞ የሚደርሰው 750 ብር ነው። የምርመራው 3,000 ብር በየጉዞው ሙሉ በሙሉ ያልቃል ብንል እንኳ የአንድ ጉዞ ወጪ 3,750 ብር ይሆናል።

በሕመም ምክንያት መዘግየት በየአራት ጉዞው አንድ ጊዜ ቢደርስ፣ ኪሳራው በአንድ ጉዞ 8,000 ብር ይደርሳል። የጤናው ዝግጅት ሕመሙን ሁሉ አያስቀርም፤ ግማሹን ብቻ ያስቀራል ቢባል 4,000 ብር ይድናል። ከ3,750 ብር ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትርፉ 250 ብር ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የጠፋ ሰንጋ አልገባም። ነጂ ታሞ ሌሊት ተኝቶ ሳለ አንድ ሰንጋ ቢጠፋ 60,000 ብር ነው፤ ይህም የ16 ጉዞ የጤና ወጪ ማለት ነው። መንገዱንና የውኃ ቦታውን የሚያውቅ ነባር ነጂ ማጣትም አልገባም። የሰው ሕይወት ደግሞ በብር አይተመንም።

ክፍያው ሕመምን እንዳያስደብቅ

አጎበር ገዝቶ መስጠት ብቻውን አይበቃም። በብዙ ስምምነቶች ነጂው ሙሉ ክፍያውን የሚያገኘው ከብቱን ሲያስረክብ ነው። ታሞ ከቀረ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ትኩሳቱን ደብቆ ይሄዳል፤ ከመነሻው ጤና ጣቢያ ታክሞ በሦስት ቀን ሊድን የሚችለው ወባ ሐኪም በሌለበት ቦታ ይጥለዋል። ጉዳቱ ለሁለቱም ነው።

መፍትሔው ክፍያውን መከፋፈል ነው፦ ጥቂቱ ሲነሣ፣ ጥቂቱ ድንበር ላይ፣ ቀሪው ሲያስረክብ። ታሞ የቀረ ነጂ እስከዚያ የሠራበትን ያገኛል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕጉ የሚሸፈን ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። ለአንድ ጉዞ የሚቀጠር ነጂ ብዙ ጊዜ በቃል ስምምነት ስለሚሠራ ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። ነጋዴው ግን ከሕጉ መንፈስ ተነሥቶ የራሱን አነስተኛ ስምምነት ማድረግ ይችላል።

የምርመራ ውጤት የሠራተኛው ምሥጢር ነው። በተለይ ኤች አይ ቪና ካላዛር አብረው ሲገኙ ሕክምናው ይከብዳል፣ በሽታውም ይመላለሳል። ውጤቱ ከሥራ ለማባረር የሚውል ከሆነ ግን ማንም አይመረመርም።

ከመነሣት በፊት

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ነጋዴው ከመተማ ከመነሣቱ በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ይጠቅመዋል፦

1. ለእያንዳንዱ ነጂ አንድ የተነከረ አጎበር፣ በበጋም በክረምትም።
2. ማደሪያው ከኩይሳ፣ ከተሰነጠቀ ጥቁር መሬትና ከግራር ሥር የራቀ መሆኑ።
3. የሰው መጠጥ ውኃ ከከብቱ ተለይቶ በንጹሕ ጀሪካን መያዙ፤ በቀትር ጥላ ሥር ማረፍ።
4. ትኩሳት ያለበት ነጂ ከመነሣቱ በፊት መመርመሩ፣ ምትክ ነጂም አስቀድሞ መታወቁ።
5. ወተት አፍልቶ መጠጣት፤ የጨነገፈ ጽንስ በጓንት ብቻ መንካት፤ በድንገት የሞተ ከብት አለማረድና አለመግፈፍ።
6. ከጉዞ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የማይለቅ ትኩሳት ከመጣ «ቆላ ነበርኩ» ብሎ ለሐኪም መናገር።
7. ነጂው በቀበሌው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል መሆኑን መጠየቅ፤ ካልሆነ በምዝገባው ወቅት መዋጮውን ማገዝ።

ነጋዴው ለከብቱ የክትባት ወረቀት ሳይዝ ድንበር አይደርስም። ከብቱን ለሚነዳው ሰው ደግሞ ከነዚህ ሰባት ነገሮች የቱ እንደጎደለ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ምሽት ቢያይ፣ በማግሥቱ የሚያስተካክልበት ጊዜ ይኖረዋል።