ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌትና የኲሓ ቁልቁለት

የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የእሱ ብስክሌት ግን ብዙ ማርሽ አለው፤ እኛ ስለ ባለ አንዱ እናውራ።

ዳገት ላይ ቢያስቸግር ወርዶ መግፋት ነው፣ ነውር የለውም። ጭንቁ ከኲሓ ወደ ከተማ ሲወረድ ነው። ይበልጥ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ በድንገት ከተጨበጠ ግን በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል። ስለዚህ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ፣ ከመታጠፊያው በፊት መያዝ ይሻላል። ክረምት ላይ ቸርኬው ሲረጥብ ደግሞ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው።

ሰንሰለቱስ? ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት ሰንሰለቱን የሚወጥር ስፕሪንግ አለው፤ ይሄኛው የለውም። ስለዚህ ሲላላ የኋላ ጎማው ዳዶዎች ተፈተው ጎማው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የሰንሰለቱ መሐል በጣት ሲነካ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ካለ በቂ ነው። ብዙ ሰው ዳዶውን ካጠበቀ በኋላ «አለቀ» ብሎ ይነሳል። አላለቀም! ጎማው ቦታ ስለቀየረ የኋላው የፍሬን ላስቲክ ቸርኬውን ስቶ ጎማውን ሊበላ ይችላል። ላስቲኩ እንደገና ካልተስተካከለ፣ ሰንሰለት አጥብቆ ያለ ፍሬን ቁልቁል መውረድ ይመጣል።

ዘይት ለሰንሰለቱ ብቻ ነው፤ ያውም አቧራው ከተጠረገ በኋላ። ቸርኬው ላይ ከተንጠባጠበ ፍሬኑ ያንሸራትታል።