የሳንባ ነቀርሳ እና የኑሮ ሁኔታ

የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በሽታው የሚስፋፋው ግን በባክቴሪያው ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በቲቢ የሚሞተው ሰው ቁጥር መቀነስ የጀመረው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ1940ዎቹ ከመገኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነበር። ለዚህም የምግብና የመኖሪያ ቤት መሻሻል እንደ ምክንያት ይጠቀሳል።

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። መስኮት በሌላት ክፍል አምስት ስድስት ሆነው ከሚያድሩ ሠራተኞች አንዱ ከታመመ ሌሎቹም ያንኑ አየር ሲተነፍሱ ያድራሉ። በቂ ምግብ ያላገኘ ሰውነት ደግሞ በሽታውን ለመቋቋም ይቸገራል።

በአገራችን የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። የቀን ሠራተኛ ግን ጤና ጣቢያ በተመላለሰ ቁጥር የዕለት እንጀራው ይቀርበታል። ስለዚህ ትንሽ ሲሻለው መድኃኒቱን ያቋርጣል። በዚህን ጊዜ በሽታው ሊያገረሽ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

1. ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየብዎ ሳይዘገዩ ይመርመሩ።
2. አሠሪ ከሆኑ ሠራተኛዎ ለሕክምና የሄደበትን ሰዓት ከደመወዙ አይቁረጡ።
3. ቤት የሚያከራዩ ከሆነ ለክፍሉ መስኮት ያውጡለት።
4. የታመመ ጎረቤትዎን አያግሉ፤ ከማዕድዎ ያካፍሉት፤ መድኃኒቱን እስኪጨርስም ያበረታቱት።

አላህ ሙሉ ጤና ይስጠን።