ሰሌዳው ይቅደም ወይስ መዝገቡ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ አሠራር ነው። ይኸውም ለተማሪ የሚሆን ጨዋታ ለመሥራት ስንነሳ በመጀመሪያ ምኑን እንምረጥ? ፍሬምወርኩን ወይስ ባክኤንዱን? ጥያቄው የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ይመስላል። እኛን ግን አንድ ሙሉ ሴሚስተር አሳጥቶናልና ከራሳችን ስህተት እንጀምር።

አምስት ሆነን ገበታን በስልክ ልንሠራ ተነሳን። ዓላማችን ለ4ኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማሪያ እንዲሆን ነበር። የጀመርነው ከመመዝገቢያው ነው፤ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የደረጃ ሠንጠረዥ። መስቀል ፍላወር አንዲት ካፌ ውስጥ በዋይፋይ እየተሰባሰብን ሁሉንም አሳመርነው። ለማስተማር ልምምድ ክፍል ስንገባ ግን ኔትወርክ የለም! ልጆቹ አንዱን ስልክ ለሁለት ይዘው የሚሽከረከረውን ክብ ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ለምን መሬት ላይ ቆፍረን አንጫወትም?» አለን። ወጥተው ቆፈሩ፤ ተጫወቱ፤ መደመር መቀነሱንም ተማሩ። የእኛ ሥራ ኪሳችን ውስጥ ቀረ።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

ፍሬምወርክ ማለት ሥዕሉን፣ ድምፁንና የጣት ንክኪውን አቀናጅቶ ጨዋታውን ስልኩ ላይ የሚያንቀሳቅስልን መሣሪያ ነው። ባክኤንድ ደግሞ ከስልኩ ውጭ፣ በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ስምና ውጤት የሚመዘግብ፣ በሩቅ ያሉ ተጫዋቾችንም የሚያገናኝ አገልግሎት ነው። በእኛ ቤት ቋንቋ የመጀመሪያው ሰሌዳና ጠመኔ፣ ሁለተኛው ሬጅስትራር ነው። ከሰሌዳና ከሬጅስትራር አንዱን ምረጡ ቢባል ጥያቄው ራሱ አያስቅም? ሥራቸው ለየብቻ ነውና። ይሁን እንጂ ሬጅስትራር ለአንድ ቀን ቢዘጋ ትምህርቱ ይቀጥላል። ትምህርት ከሌለ ግን ሬጅስትራሩ የሚመዘግበው ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ።

ጨዋታው ምን ይፈልጋል?

ገበታ ብዙ ዓይነት አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበታ ዓይነቶች ሰብስቦ ጽፏል። እኛ ባለ 2 ረድፉን እንውሰድ፤ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ለኮምፒዩተር ይህ 12 ቁጥሮች ማለት ነው፦

4 4 4 4 4 4 4 4 4 4 4 4

ከ3ኛው ጉድጓድ አንስተን አንድ አንድ ብንዘራ፦

4 4 0 5 5 5 5 4 4 4 4 4

ደምሩት፤ አሁንም 48 ነው። የተበሉት ጠጠሮች ተጨምረው ድምሩ 48 ካልመጣ ፕሮግራማችን ውስጥ ስህተት አለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በእርሳስና በወረቀት ይሠራል፤ ፍሬምወርክም ባክኤንድም ገና አልጠየቀም። እንግዲህ የጨዋታው ሕግ ለብቻው፣ ከሁለቱም ተለይቶ ይጻፍ። ነገ አንዱን ብንቀይር ሕጉን እንደገና መጻፍ አይኖርብንም።

ፍሬምወርክ ስንመርጥ

በዘልማድ ሁሉንም ፍሬምወርክ እንላለን እንጂ ዩኒቲና ጎዶት የተሟሉ ኤንጂኖች ናቸው። ዩኒቲ በሲ ሻርፕ ይሠራል፤ የመማሪያ ጽሑፉም ብዙ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጨዋታ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ አሳውቆ ነበር። የሠሪዎቹ ተቃውሞ በርትቶበት በ2024 ሰርዞታል። ጎዶት ከ2014 ጀምሮ ነፃና ክፍት ነው፤ ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በፍላሽ ይዞራል። ወደ አንድሮይድ ለማውጣት ግን ተጨማሪ ፋይሎች ያስፈልጉታል። ፌዘር ደግሞ በጃቫስክሪፕት የሚሠራና በስልክ ብራውዘር የሚከፈት ነው። ለገበታ ሦስቱም ይበቃሉ። ታዲያ የሚለያቸው ምንድን ነው? ከመካከላችን የትኛውን ቋንቋ የሚያውቅ አለ? የትኛውስ በያዝነው አሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል? የሚሉት ናቸው።

ባክኤንድ ስንመርጥ

የጉግሉ ፋየርቤዝ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ፋየርስቶር የተባለው መዝገቡም ኔትወርክ ሲጠፋ በስልኩ ላይ ጽፎ ይቆይና ሲመለስ ይልከዋል። የነፃ ድርሻው በንባብና በጽሕፈት ብዛት ስለሚቆጠር ግን ማስላት ይገባል። እንበል፣ 20 ጥንድ ልጆች በጨዋታ 40 እርምጃ ቢራመዱና እያንዳንዱ እርምጃ ቢመዘገብ 800 ጽሕፈት ነው፤ ተጋጣሚም ሲያነበው ሌላ 800። የመጨረሻው ውጤት ብቻ ቢመዘገብስ? 20 ብቻ!

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ፓርስ የተባለ ባክኤንድ በ2016 ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ፤ በ2017 ተዘጋ። በላዩ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ መዝገባቸውን ተሸክመው ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባቸው። ናካማ የተባለውን ክፍት ባክኤንድ በራሳችን ኮምፒዩተር መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ማን ያስነሳዋል? ይህም ይታሰብበት።

የአገራችንም ሁኔታ አይረሳ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ያለ ኔትወርክ የማይነሳ ጨዋታ ለትምህርት ቤት አይሆንም። ከዚህ ሌላ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሕፃናትን ሙሉ ስምና ስልክ መሰብሰብ ምን ይጠቅመናል? «አንበሳ» እና «ንብ» የሚል ቅጽል ስም ይበቃል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦
1ኛ/ የጨዋታውን ሕግ በወረቀት መሥራትና በቁጥር መፈተን፤
2ኛ/ በምናውቀው ቋንቋ የሚሠራ ፍሬምወርክ መርጦ በአንድ ስልክ ለሁለት ማጫወት፤
3ኛ/ በክፍል ውስጥ ያለ ኔትወርክ መሞከር፤
4ኛ/ ልጆቹ ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር እንጫወት ሲሉ ያን ጊዜ ባክኤንድ መፈለግ።

በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል፤ ገበታንም በስልክ ሠርቷል። ስለዚህ ነገሩ ከአቅማችን በላይ አይደለም። እኛም ሁለተኛውን ሙከራ ከወረቀቱ ጀምረናል።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ/ ከላይ ካለው ሁለተኛ ረድፍ ቁጥር 7ኛውን ጉድጓድ አንስታችሁ ዝሩ። ድምሩ ስንት መጣ?
ለ/ ሰኞ ማክሰኞን በስልክ ለመሥራት ባክኤንድ ያስፈልጋል? ለምን?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚሁ ጋዜጣ ሥር ለጥፉልን።